ልጆቻችንን ከቡድን ስታወጧቸው ጉልበታቸውን ማን ያክማል?

ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር
ግልባጭ፦ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ልጆቻቸው የኮሌጅ ፉትቦል ለሚጫወቱ ሐበሻ ወላጆች በሙሉ

የተከበሩ ዳይሬክተር፣

እኛ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር፣ ልጆቻችን በእርስዎ ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወቱ የቆዩ ወላጆች ነን። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ለቢሮዎ አስገብተናል። መልስ ጠብቀን ስናጣ በአማርኛም አወጣነው። ከእኛ በኋላ ልጁን ወደ እናንተ የሚልክ ወላጅ አንብቦት ይላክ ብለን ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጻፍንም። ከልጆቻችን ገሚሶቹ አሁንም እዚያው ይማራሉ፣ እነሱ ላይ ነገር እንዲመጣ አንፈልግም። እርስዎ ግን የሚባለው ለማን እንደሆነ አይጠፋዎትም።

ነገሩ የመጣው በ2025 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ለአንባቢ እንዲገባው ከመጀመሪያው እንበለው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ እና ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው የሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) ከተጫዋቾች ጋር ለዓመታት ሲካሰሱ ኖረው ታረቁ። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን እርቁን ጁን 6 ቀን 2025 አጸደቁት። ከጁላይ 1 ጀምሮ በስምምነቱ የገባ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በጠቅላላ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሰየው ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው እያዩ በባዶ ኪስ ሲጋጩ የኖሩ ልጆች ገንዘብ ቢያዩ ቅር የሚለው ሰው የለም።

ግን ከገንዘቡ ጋር ሌላ ነገር ተያይዞ መጣ። በስምምነቱ የገባ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ከ105 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችልም ተባለ። ቀድሞ ገደቡ ስኮላርሺፕ ላይ ነበር፤ በትልቁ ዲቪዚዮን (የውድድር ደረጃ) 85። ከዚያ በላይ ያለው ልጅ ቤተሰቡ ከፍሎለት፣ ወይም ብድር ወስዶ የሚጫወት ነው። ዎክ ኦን ይሏቸዋል። ልብስ ይለብሳሉ፣ ብረት ያነሳሉ፣ ከስኮላርሺፕ ልጆች ጋር እኩል ይጋጫሉ። ቅዳሜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ነው የሚያዩት። የእኛ ልጆች ከእነዚህ ናቸው።

105 ሲባል መጀመሪያ የወጡት እነሱ ናቸው። ገደቡን እርስዎ እንዳላመጡት እናውቃለን። አወጣጡ ግን የእርስዎ ቢሮ ሥራ ነው።

ከልጆቻችን አንዱ ጠዋት ለልምምድ ሄዶ መግቢያ ካርዱ በሩን አልከፍት አለው። ካርዱ የተበላሸ መስሎት ዕቃ ክፍል ያለውን ሰውዬ ጠራው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ጥቁር ፌስታል አመጣለት። ጫማው፣ የአፍ መከላከያው፣ አንድ ፎጣ። ሎከሩ ላይ ስሙ ተለጥፎበት የነበረው ፕላስቲክ ተነቅሎ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። አሰልጣኙ ያን ቀን አላናገረውም። በማግስቱም አላናገረው። ደብዳቤ የለ፣ ኢሜይል የለ። በሕንጻው ውስጥ ማልቀስ ያፈረ የሃያ ዓመት ልጅ ፓርኪንግ ሎት ላይ ሆኖ እናቱ ጋ ደወለ።

ሌላም ነገር አለ። ዳኛዋ እንደ ልጆቻችን ያሉትን አልረሱም። በኤፕሪል ላይ ስምምነቱን አላጸድቅም ያሉት በዚሁ ምክንያት ነበር፦ በገደቡ ሰበብ ቦታቸውን ያጡ ልጆች ምን ይሁኑ ብለው። ጠበቆቹ ተመልሰው አንቀጽ ጨመሩ። በገደቡ ምክንያት የተቀነሰ ልጅ ከ105ቱ ሳይቆጠር ወደ ቡድኑ ሊመለስ፣ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እዚያም ሳይቆጠር ሊጫወት ይችላል። ችግሩ «ይችላል» እንጂ «አለበት» አይልም። የሚመልሰው ዩኒቨርሲቲው ከፈለገ ነው። የተቀነሱትን ስም የሚያስመዘግበውም ዩኒቨርሲቲው ነው። የልጆቻችን ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል? ወይስ «በችሎታ ነው የተቀነሱት» ተብሎ ታልፏል? ይህን ነው የጠየቅነው። ለመመለስ አንድ መስመር ይበቃዋል። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ እየመራን ቀረ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ቃል ነው። ልጆቹ ገና ሃይስኩል እያሉ የእናንተ ሰዎች ቤታችን ድረስ መጥተዋል። አንደኛው አሰልጣኝ ከእኛ አንዱ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ፣ ጥብሱን በእጁ በልቶ፣ ቡናውን እስከ ሁለተኛው ጠጥቶ ሄዷል። አያትየው ጭምር ወደዱት። «ልጃችሁ ልጄ ነው» አለ። ሁለት ዓመት ከሠራ ስኮላርሺፕ ይሰጠዋል አለ። ቢጎዳ እኛ አለን አለ። እኛ አገር ሽማግሌ ፊት እንዲህ የተባለ ነገር ማሰሪያ አለው። ወረቀት አልጠየቅንም፣ ነውር መስሎን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ይሄ ነው። አሰልጣኙ በዓመቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሌላ ስቴት ሄደ። የተተካው አዲሱ ሰው «እኔ ያልኩት ነገር የለም» አለ። እውነቱን ነው፣ እሱ አላለም። ያለው ቢሮዎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጉልበት።

ከልጆቹ አንዱ ላይንባከር፣ ማለትም የተከላካይ ተጫዋች ነው። ሥራው ስካውት ቲም ነበር። ስካውት ቲም ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ በሳምንቱ የሚገጥሙትን ቡድን መስሎ ከዋናዎቹ ልጆች ጋር የሚጋጭ ነው። ዋናው ተጫዋች እንዳይጎዳ ቀስ ይባልለታል፤ ለስካውት ልጅ ቀስ የሚል የለም። በስፕሪንግ ልምምድ ላይ እግሩ ሳር ውስጥ ተተክሎ እያለ ሌላ ልጅ ከጎን ወደቀበት። ኤሲኤል የሚሉት የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። የቡድኑ ሐኪም ራሱ ነው ኤም አር አይ ያዘዘለት። ኦፕራሲዮኑም በቡድኑ ቀጠሮ ተደረገ። እስከዚህ ድረስ ምንም አላልንም፣ ደህና ተይዟል።

ከዚያ ተቀነሰ። ከተቀነሰ በኋላ የፊዚካል ቴራፒው ቢል ወደ ቤት መምጣት ጀመረ። ኤሲኤል ኦፕራሲዮን ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ማገገሚያ ይፈልጋል። ቴራፒው ካልተሠራ ጉልበቱ እንደተኮማተረ ይቀራል። ለቢሮዎ ስንደውል «ሮስተር (የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር) ላይ ስለሌለ በወላጅ ኢንሹራንስ ይጠቀም» ተባልን። አባቱ ኡበር ነው የሚነዳው። ኢንሹራንሱ ከማርኬትፕሌስ፣ ሰው በግሉ ከሚገዛበት ገበያ፣ የተገዛ ነው፤ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው) ሳይሞላ ምንም አይከፍልም። ልጁ ቴራፒውን አቋርጦ በዩቲዩብ እያየ ሳሎን ውስጥ እግሩን ሲያጣጥፍ ነው የከረመው። ቁርበት ላይ ተቀምጦ፣ የአያቱን ነጠላ ተረከዙ ላይ አስሮ፣ እየጎተተ።

ዳይሬክተር፣ ይህ የሕግ ክፍተት አይደለም። ኤንሲኤኤ ራሱ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የዲቪዚዮን አንድ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርቱ ምክንያት ለመጣ ጉዳት ቡድኑን ከለቀቁም በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሕክምና ሽፋን እንዲሰጡ አዟል። ማኅበሩ ለዚሁ ብሎ የገዛው ኢንሹራንስም አለ። ልጃችን ይህን የሰማው ከቢሮዎ አይደለም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነው፣ ለዚያውም ሲያወጉ በወሬ መሀል። የእናንተ ሰው ስልክ ላይ «ሮስተር ላይ የለም» ሲለን ደንቡን አያውቀውም ነበር? ወይስ እኛ እንደማናውቀው ገምቶ ነው? የትኛው እንደሚሻል አናውቅም።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም፣ አንብበናል። በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ የሚጫወት ሬይ ዴኒሰን የሚባል ሰው ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። ሚስቱ የሥራ ላይ አደጋ ካሳ ጠየቀች። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 አይገባሽም አላት። ከሰጠው ምክንያት አንዱ ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ የለም፣ ከጨዋታው የሚያገኘውም ጥቅም የለም የሚል ነበር። በ1974 ደግሞ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ዋልድሬፕ በርሚንግሃም ላይ ከአላባማ ጋር ሲጫወት አንገቱ ተጎድቶ ሽባ ሆነ። ገና ዓመት ሳይሞላው የሕክምና ክፍያው ተቋረጠበት። እሱም ካሳ ብሎ ተከራከረ፣ አንድ ጊዜ ተፈረደለት፣ ተመልሶ ተፈረደበት። በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛ አልነበርክም ብሎ ዘጋው። ከተጎዳ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ያኔ ኮሌጆቹ አንድ መከላከያ ነበራቸው፦ ይህ ጨዋታ ነው፣ ንግድ አይደለም። ዛሬ እናንተ ለተጫዋቾች በጠቅላላ፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ፣ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ልታካፍሉ ፈርማችኋል። የሚካፈል ነገር ያለው ቤት ንግድ የለኝም ብሎ የበጠሰውን ጉልበት ለኡበር ሹፌር ሊያሸክም አይገባም። የእኛ ነገር ባጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር እንበል፣ ምክንያቱም ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሜይ 29 ቀን 2018 እዚያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆርዳን ማክኔር፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ በልምምድ ላይ 110 ያርድ ደጋግሞ እየሮጠ ሙቀት መታው። አምቡላንስ እስኪጠራ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደ። ሙቀት የመታው ሰው ቶሎ በረዶ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ይተርፋል፣ ይህን ማንኛውም የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ያውቀዋል። አልነከሩትም። ጁን 13 ቀን ሞተ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በኋላ የሕግም የሞራልም ኃላፊነት እንወስዳለን አሉ። የሜሪላንድ ምክር ቤትም በ2021 በስሙ ሕግ አወጣ። ያን ጊዜ የእኛ ልጆች ሚድል ስኩል ነበሩ። እናቶቻችን ስሙን በጸሎት ሲጠሩት ነው የሰማነው።

እና ባለፈው ኦገስት በእናንተ ሜዳ ላይ፣ ትውከት የያዘው ልጅ «ተነስ፣ ጨርስ» ሲባል ቪዲዮው ስልካችን ላይ ደረሰ። ልጁ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንከሪያው ገንዳ የት እንዳለ ስንጠይቅ መጋዘን ውስጥ ነው ተባለ። መጋዘኑ ተቆልፏል።

ስለ ትምህርት ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ሐበሻ ወላጅ ልጁን ኮሌጅ የሚልከው ለምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ኳሱ የመጣው ከኋላ ነው። ደንቡ በሲዝን በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይሠራም ይላል። ግን መንገዱ፣ የጉዳት ሕክምናው፣ «በፈቃደኝነት» የሚባለው የጠዋት ብረት አይቆጠርም። በ2014 የኖርዝዌስተርን ተጫዋቾች ማኅበር እናቁም ብለው ሲከራከሩ የመንግሥት የሠራተኛ ቦርድ የክልል ኃላፊ ቆጥሮ አይቶታል፦ በሲዝን ከ40 እስከ 50 ሰዓት፣ በኦገስት ካምፕ ደግሞ እስከ 60። ተጫዋቾቹን ሠራተኞች ናቸው ብሎ ነበር፤ ዋናው ቦርድ በ2015 እኔን አይመለከተኝም ብሎ ተወው። የዚያ እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ካይን ኮልተር ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ነበር። ኬሚስትሪ ለመውሰድ ሲል ከጠዋት ልምምድ ጋር ይጋጫል ተባለ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ እናት ሳቀች፣ የምሬት ሳቅ ነው። የእሷም ልጅ ኢንጂነሪንግ ገብቶ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜው ከልምምድ ጋር ስለተጋጨ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ቀይር ተብሏል። ቀየረ። አሁን ቡድኑም የለ፣ ኢንጂነሪንጉም የለ። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ቢል ከክሬዲቶቹ ብዙዎቹን አንቀበልም አሉት።

«ኤንኤፍኤል (የባለሙያዎቹ የፉትቦል ሊግ) ቢገባ ሁሉም ይካካሳል» የሚሉን ዘመዶች አሉ። በኤንሲኤኤ በራሱ ቁጥር ከመቶ የኮሌጅ ተጫዋች ኤንኤፍኤል የሚደርሰው ሁለት እንኳ አይሞላም። የደረሰውም አይቀናው ይሆናል። የሳውዝ ካሮላይናው ማርከስ ላቲሞር አገር የሚያወራለት ራኒንግ ባክ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ነበር። በ2011 አንዱ ጉልበቱ፣ በ2012 ሌላው ሄደ። የኤንኤፍኤሉ ሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በ2013 የተጫዋቾች ምርጫ አራተኛው ዙር ላይ ወሰደው። አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በ2014 ፉትቦልን ተወ።

ስለ ጭንቅላት ግጭት ብዙ አንልም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2017 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው 53 የኮሌጅ ተጫዋቾች አእምሮ 48ቱ ላይ ሲቲኢ የሚባለውን፣ ጭንቅላት ተደጋግሞ ከመመታቱ ጋር የሚያያዝ የአእምሮ በሽታ አግኝተዋል። ቤተሰብ ጠርጥሮ የሰጣቸው አእምሮዎች ስለሆኑ ሁሉም ተጫዋች እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ግን ለስካውት ቲም ልጅ በሲዝን ስንት ጊዜ ጭንቅላቱ እንደተመታ መዝገብ ይያዛል ወይ? ልጆቻችን አይተውት አያውቁም።

የምንጠይቀው ይህ ነው፣ ሁሉም በጽሑፍ።

የተቀነሱት ልጆች ስም፣ በገደቡ ምክንያት ቦታቸውን ያጡ ተብሎ መመዝገብ አለመመዝገቡን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይጻፉልን። ካልተመዘገበ በምን ምክንያት እንደሆነ ይነገረን። መመለስ የሚፈልግና የሚችል ልጅ ካለ ይመለስ።

በልምምድ ላይ የተጎዳ ልጅ የሁለት ዓመት ሽፋኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር፣ እስካሁን ለቤተሰብ የመጡት ቢሎች በዩኒቨርሲቲው እንዲከፈሉ፣ ላይንባከሩም ቴራፒውን ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲቀጥል እንጠይቃለን። ሮስተር ላይ የለም የሚለው መልስ ይቅር። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞችም ደንቡን ይወቁት።

ቤት መጥቶ ቃል የሚሰጥ አሰልጣኝ ቃሉን በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ ፈርሞ ይተው። አሰልጣኙ ቢሄድም ወረቀቱ ዩኒቨርሲቲውን ይሰር። የዓመት ስኮላርሺፕ ከሆነ የዓመት ነው ይባል፣ ተስፋ ብቻ ከሆነም ተስፋ ነው ይባል። ቡናውን እንደሆነ አንከለክልም።

ኦገስት ላይ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መንከሪያ ገንዳው ከነበረዶው ሜዳ ዳር ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ስሙ ተጽፎ ኃላፊ ይሁንበት። አሰልጣኙ ሳይሆን የሕክምና ባለሙያው «ይብቃ» ሲል ይብቃ።

በፉትቦል ምክንያት ሜጀር ለቀየሩና ለተቀነሱ ልጆች፣ የጀመሩትን ሜጀር እንዲጨርሱ የሚያስፈልገው የተጨማሪ ሴሚስተር ክፍያ በዩኒቨርሲቲው ይሸፈን።

መልስዎን በሠላሳ ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከቢሎቹ ቅጂ ጋር ለኤንሲኤኤ፣ ለኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤትና ለስቴቱ ምክር ቤት ተወካዮቻችን እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከቡድኑ የተቀነሱ ተጫዋቾች ወላጆች
ስለ ሁላቸው የጻፈው፦ የላይንባከሩ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ